120 በ80 ለማን?

የሐሞት ከረጢቱ በቀዶ ሕክምና ሊወጣለት ቀጠሮ የተያዘለት የ58 ዓመት ሰው እናስብ። ደም ግፊት እንዳለበት ከተነገረው ዓመታት አልፈዋል፤ መድኃኒቱን አንድ ሰሞን ወሰደ፣ ሕመም የሚባል ነገር ስላልተሰማው ተወው። ጠዋት ኦፕሬሽን ክፍል ሲገባ ሞኒተሩ 190 በ100 ይላል። የሰመመኑ መድኃኒት በካኑላው ከገባ ከጥቂት ደቂቃ በኋላ 85 በ50 ይሆናል። የመተንፈሻ ቱቦ በጉሮሮው ሲገባ 215 በ115 ይደርሳል። ከዚያ ሆዱ በአዮዲን እየተጠረገ፣ ጨርቅ እየለበሰ፣ የሚያሳምመው ነገር ሳይኖር በሚያልፈው ሩብ ሰዓት ተመልሶ 90 ይገባል። ምላጩ ገና ቆዳውን አልነካም።

እንግሊዝኛ ተናጋሪ የሰመመን ሐኪሞች እንዲህ ያለውን የግፊት መዝገብ በአልፕስ ተራሮች ስም ይቀልዱበታል። እኛ ስሜን ስላለን እስከ አልፕስ መሄድ አያስፈልገንም፤ ራስ ዳሽንና ከሥሩ ያለው ገደል በአንድ ወረቀት ላይ ተሥለው ማለት ነው።

ሰው የሚደነግጠው ከፍታውን ሲያይ ነው። ቤተሰብ «ግፊቱ 190 ሆኖ እንዴት ገባ?» ብሎ ይጠይቃል፤ «እስከ ስንት ወርዶ፣ ስንት ደቂቃ ቆየ?» ብሎ የሚጠይቅ የለም ማለት ይቻላል። እኔ ግን ሁለተኛው ጥያቄ የሚበልጥ ይመስለኛል። ለአንድ ወይም ለሁለት ደቂቃ የወጣ ግፊት ብዙውን ጊዜ ጉዳት ሳያደርስ ያልፋል። ያለ ልክ ወርዶ የቆየ ግፊት ግን ሰውየው «ደረቴን!» ብሎ መናገር በማይችልበት ሰዓት ልቡን፣ ኩላሊቱንና አንጎሉን ይጎዳል። ችግሩ ደግሞ «ያለ ልክ» የሚባለው ነገር ለሁሉም ሰው አንድ አለመሆኑ ነው። ሞኒተሩ ቁጥሩን ያሳያል፤ ቁጥሩ ለዚህ ሰው ብዙ ይሁን ትንሽ አይናገርም።

ግፊቱ ለምን እንዲህ እንደሚዋልል ለመረዳት ከዓመታት በፊት መጀመር ያስፈልጋል። የደም ግፊት የሁለት ነገሮች ውጤት ነው፤ ልብ በደቂቃ የምትረጨው የደም መጠንና ትንንሾቹ ደም ቅዳዎች ለዚያ ደም የሚያሳዩት ተቃውሞ። ግፊት ከፍ ብሎ ዓመታት ሲቆይ የእነዚህ ደም ቅዳዎች ግድግዳ ይወፍራል፣ መተላለፊያቸውም ይጠብባል። ግድግዳው የወፈረ ደም ሥር ጥቂት ሲኮማተር ተቃውሞው በብዙ ይጨምራል፤ ጥቂት ሲላላም በብዙ ይቀንሳል። በጤነኛ ሰው ላይ ትንሽ መወዛወዝ የሚያመጣ ነገር እዚህ ሰው ላይ ከፍታና ገደል የሚሆነው በዚህ ነው።

ልብም አልቀረላትም። ዓመታት ሙሉ ከፍ ያለ ጫና ስትገፋ የግራው ክፍሏ ጡንቻ ይደነድናል። የደነደነች ልብ ለመጭመቅ ጉልበት አያንሳትም፤ የምትቸገረው ለመላላትና በደም ለመሞላት ነው። ስለዚህ ወደ ልብ የሚመለሰው ደም ትንሽ ሲጎድል የምትረጨው ወዲያው ያሽቆለቁላል። የልብ ምቱ ከፈጠነም እንደዚያው ነው፤ ለመሞላት ጊዜ አታገኝም። በዚህ ላይ የሚያሸና የግፊት መድኃኒት የሚወስድና ከማታ ጀምሮ ያልጠጣ ከሆነ፣ ሞኒተሩ 190 የሚያሳይለት ሰው ደም ሥሩ ውስጥ ያለው ፈሳሽ ከሚገባው ያነሰ ሊሆን ይችላል። «ደም ብዛት አለብኝ» የሚል ሰው ደም ሊጎድለው ይችላል ቢባል ለጆሮ ግራ ነው፤ ግን እውነት ነው።

ሰመመን ሲመጣ ይህ ሁሉ ይገለጣል። ብዙ የደም ግፊት ሕሙማን ግፊታቸውን የሚይዙት ሲምፓቴቲክ የሚባለው የነርቭ ክፍል፣ ለፍርሃትና ለሩጫ የሚያዘጋጀን ማለት ነው፣ ደም ሥሮቻቸውን አጥብቆ ስለሚይዝ ነው። ፕሮፖፎል ሰውየውን ሲያስተኛ ይህንንም ነርቭ አብሮ ያደክማል፤ ደም መልሶችን ያላላል፤ ደሙ እግርና ሆድ ውስጥ ይቀመጥና ወደ ልብ የሚመለሰው ይቀንሳል። አንገት ውስጥ ባሉት ደም ቅዳዎች ላይ ሆነው ግፊት ሲወርድ ልብን የሚያነቁት የነርቭ ጫፎችም ይደነዝዛሉ። ገደሉ ይህ ነው። ከፍታው የሚመጣው ደግሞ ላሪንጎስኮፕ የሚባለው መሣሪያ የምላስን ሥር ሲያነሳና ቱቦው በድምፅ አውታሮች መካከል ሲያልፍ ነው። ሰውየው ተኝቷል፤ ጉሮሮው ግን የአካላችን እጅግ ስሜታዊ ከሆኑት ቦታዎች አንዱ ነው፣ ሰውነት ደግሞ ባዕድ ነገር ሲነካው ለመታፈን እንደተቃረበ ሰው አድሬናሊኑን ይለቃል። ጥናት ጸሐፊዎች ይህን ምላሽ ቢያንስ ከ1951 እ.ኤ.አ. ጀምሮ መዝግበውታል (ከዚህ በኋላ ያሉት ዓመታትም ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር ናቸው)። ጤነኛ ሰው ላይ 20 እና 25 ሚሊ ሜትር ሜርኩሪ ያህል የሚጨምረው፣ ግፊቱ ያልታከመ ሰው ላይ ከዚያ በብዙ ይበልጣል።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንምጣ። አንጎል የራሱን የደም ፍሰት የሚቆጣጠርበት ችሎታ አለው። ግፊት ሲወርድ ደም ሥሮቹን ያሰፋል፣ ግፊት ሲወጣ ያጠብባል፣ ፍሰቱም ሳይለወጥ ይቆያል። ይህ ችሎታ ግን ወሰን አለው። ከታችኛው ወሰን በታች ደም ሥሮቹ መስፋት እስከሚችሉበት ሰፍተው አልቀዋል፤ ከዚያ በኋላ ግፊት በወረደ ቁጥር ወደ አንጎል የሚደርሰው ደም አብሮ ይወርዳል።

ይህ ወሰን የት ነው? በ1970ዎቹ እ.ኤ.አ. በዴንማርክ ዋና ከተማ በኮፐንሃገን ስቬን ስትራንድጎርድ የተባለ ሐኪም ከባልደረቦቹ ጋር ይህን ለካ። ግፊትን በመድኃኒት ቀስ እያደረጉ ዝቅ በማድረግ የአንጎል ፍሰት የት ላይ መውረድ እንደሚጀምር ተከታተሉ። የለኩት አማካይ ግፊትን ነው፤ ይህም ማለት የታችኛውን ቁጥር ይዞ የላይኛውና የታችኛው ልዩነት ሢሶ ሲጨመርበት የሚገኘው ነው። በ1976 ያሳተሙት ውጤት እንዲህ ይላል፤ ግፊት የሌለባቸው ሰዎች ላይ የታችኛው ወሰን በአማካይ 73 ነበር። ከባድ ግፊት ኖሮባቸው በደንብ የታከሙት ላይ 96። ያልተቆጣጠሩት ላይ 113።

ቁጥሮቹን ወደ ለመድነው አነጋገር እንመልሳቸው። 120 በ80 ሲሰላ አማካዩ 93 ነው። ያ «ልክ ነው» የምንለው፣ በየጤና ጣቢያው ግድግዳ የተለጠፈው ቁጥር ማለት ነው። ለአንድ ከባድና ያልታከመ ግፊት ላለበት ሰው 120 በ80 ከአንጎሉ የታችኛ ወሰን በታች ሊሆን ይችላል። የእሱ ወሰን ወደ 150 በ95 ይጠጋል። የመግቢያችን ሰውዬ 85 በ50 ደግሞ አማካዩ 62 ያህል ነው።

እዚህ ላይ ላጋንን አልፈልግም። ወሰኑ ሲታለፍ አንጎል ወዲያው ይሞታል ማለት አይደለም፤ ከሚደርሰው ደም ውስጥ ብዙ ኦክስጅን መጥጦ መውሰድ ይችላል፣ ሰመመን ውስጥ ያለ አንጎል ደግሞ የሚፈልገው ኦክስጅን ይቀንሳል። ስትራንድጎርድም የአንጎል እጥረት ምልክት ያየው ከወሰኑ በጣም ዝቅ ብሎ ነው። ግን መጠባበቂያው የተሟጠጠ ሰው ላይ ግፊቱ ዝቅ ብሎ ሲቆይ፣ ደም ሲፈስ፣ ወይም የአንገት ደም ቅዳ የጠበበ ሆኖ ሲገኝ፣ ትንሽ የምትመስለው ቁጥር ትልቅ ትሆናለች።

ከሦስቱ ቁጥሮች መካከል እኔን የሚማርከኝ 96 ነው። መድኃኒቱን በትክክል የወሰዱ ሰዎች ወሰናቸው ወደ ጤነኛው ተጠግቷል። ደም ሥር ይማራል፤ ግን ቀስ ብሎ ነው፣ በሳምንታትና በወራት። ለዚህ ነው በቀዶ ሕክምናው ጠዋት ግፊትን በኃይለኛ መድኃኒት በአንዴ ማውረድ ችግሩን የማይፈታው። ቁጥሩን ያሳምረዋል፤ ደም ሥሩ ግን አሁንም የትናንቱ ደም ሥር ነው።

ለመሆኑ በኦፕሬሽን ጊዜ ግፊት መለካት ራሱ መቼ ተጀመረ? ኤተር የተባለው ሰመመን ለሕዝብ የታየው በ1846 ቢሆንም ከዚያ በኋላ ከግማሽ ምዕተ ዓመት በላይ ሰመመን ሰጪው ግፊቱን የሚገምተው ጣቱን የልብ ምት ላይ በማድረግ ነበር። በ1890ዎቹ አጋማሽ ቦስተን ውስጥ ሃርቪ ኩሺንግና ኤርነስት ኮድማን የተባሉ ሁለት የሕክምና ተማሪዎች በኤተር ሰመመን ጊዜ የልብ ምትና ትንፋሽን በወረቀት ላይ መመዝገብ ጀመሩ። በኋላ ታላቅ የአንጎል ቀዶ ሐኪም የሆነው ኩሺንግ በ1901 ጣልያን ውስጥ ፓቪያ የምትባል ከተማ ሲደርስ በሺፒዮኔ ሪቫ-ሮቺ የተፈለሰፈውን የክንድ መለኪያ አየ፤ ንድፉን ይዞ ወደ ባልቲሞር ተመለሰና ኦፕሬሽን ክፍል አስገባው። ዛሬ ሰመመን ሰጪው የሚሞላው ቅጽ የዚያ ወረቀት የልጅ ልጅ ነው። ያ መለኪያ ግን ሁልጊዜ ሐቅ አይናገርም። ለወፍራም ክንድ ጠባብ መጠቅለያ ከታሠረ ግፊቱን ከእውነተኛው ከፍ አድርጎ ያሳያል። በየአምስት ደቂቃው ብቻ እንዲለካ ከተተወ ደግሞ በመካከሉ የሆነውን አያውቅም፤ የመግቢያችን ሰውዬ ከ190 ወደ 85 ከዚያም ወደ 215 የሄደበት ጊዜ በሁለት ልኬቶች መካከል ሊደበቅ ይችላል። ለዚህ ነው ሰመመን በሚጀመርበት ጊዜ በየአንድ ወይም በየሁለት ደቂቃው መለካት፣ ከባድ ቀዶ ሕክምና ሲሆን ደግሞ እጅ አንጓ ላይ ካለው ደም ቅዳ ውስጥ ቀጭን ቱቦ አስገብቶ ግፊትን በየምቱ ማየት የሚመረጠው።

የሰውየውን የራሱን ቁጥር ማግኘት የሚጀምረው ግን ከዚያ በፊት፣ በንግግር ነው።

«ጋሼ፣ ቤት ወይም ጤና ጣቢያ ሲለኩ ስንት ይልዎታል?»

«ደህና ነው ይሉኛል።»

«ደህና ማለት ስንት ነው?»

«እሱን እንኳ አልያዝኩትም፤ ካርዱ ላይ ይኖራል።»

ካርዱን የያዘች ልጅ ብዙ ጊዜ ከበር ውጭ ተቀምጣለች፤ ሄዶ ማምጣት ያዋጣል። ኦፕሬሽን ክፍል በር ላይ የተለካው ቁጥር የፍርሃት ቁጥር ነውና። ያንን 190 መሠረት አድርጎ የያዘ ሰው በሽተኛውን ሳያስፈልግ ከፍ አድርጎ ለመያዝ ይታገላል፤ «ልክ» የሚባለውን 120 የያዘ ደግሞ ዝቅ አድርጎ ይተወዋል። ተረጋግቶ በተለያዩ ቀናት የተለካው፣ ለምሳሌ 155 በ95፣ የሰውየው እውነተኛ ቦታ ነው። በተለምዶ ከዚያ ቦታ ከመቶ 20 በላይ እንዳይርቅ፣ አማካዩም በማንኛውም ሁኔታ ከ65 በታች እንዳይወርድ ይጠበቃል።

ግፊቱ ከፍ ያለ ሰው ኦፕሬሽኑ ይሰረዝ ወይ የሚለው ክርክር ረጅም ነው። በ1950ዎቹ እ.ኤ.አ. የነበረው ፍርሃት የተገላቢጦሽ ነበር፤ እንደ ሬዘርፒን ያሉትን የጥንት የግፊት መድኃኒቶች የሚወስዱ ሰዎች ሰመመን ላይ ግፊታቸው ስለሚወድቅ መድኃኒቱን ከሳምንታት በፊት ያቁሙ ይባል ነበር። በ1971 ኦክስፎርድ ላይ ሴድሪክ ፕሪስ-ሮበርትስ፣ ፒየር ፎክስና ባልደረቦቻቸው የታከሙትንና ያልታከሙትን አወዳድረው ጻፉ። ያልታከሙት ሰመመን ሲጀመር ግፊታቸው የበለጠ ወረደ፣ ቱቦ ሲገባ የበለጠ ወጣ፣ ልባቸውም የደም እጥረት ምልክት አሳየ። ያ ጽሑፍ ልማዱን ገለበጠው፤ መድኃኒቱን ማቆም ቀርቶ እስከ ኦፕሬሽኑ ድረስ መውሰድ ደንብ ሆነ። በ1979 ደግሞ ጎልድማንና ካልዴራ የታችኛው ቁጥር ከ110 በታች ከሆነ ኦፕሬሽን ማዘግየቱ ጥቅም እንዳላሳየ አቀረቡ። በብሪታንያ በ2016 የወጣው መመሪያ ያለፈው ዓመት የጤና ጣቢያ መዝገብ ከ160 በ100 በታች ከሆነ በቂ ነው ይላል፤ መዝገብ ከሌለ ደግሞ ከቀዶ ሕክምናው በፊት በሚታይበት ክሊኒክ ከ180 በ110 በታች መሆኑ ይበቃል። ካንሰር ወይም ስብራት ያለበትን ሰው በ170 ምክንያት ለወር መመለስ አንዳንዴ ከግፊቱ የከፋ ጉዳት ያደርሳል።

መድኃኒት ሁሉ ግን አንድ አይደለም። እዚህ ላይ አገራችን ውስጥ የተለመደ ችግር አለ። «ከእኩለ ሌሊት ጀምሮ ምንም እንዳይቀምሱ» የተባለ ሰው የጠዋት ኪኒኑንም ይተዋል። ቃሉን በትክክል ነው የፈጸመው። ማንም «ከኪኒኑ በስተቀር» ያለው የለም። ጠንካራ ምግብ ሰመመን ከመሰጠቱ ከስድስት ሰዓት በፊት መቆም አለበት፤ ንጹሕ ውኃ ግን ሰመመን ከመሰጠቱ ከሁለት ሰዓት በፊት ድረስ የተፈቀደ ነው፣ ኪኒን ደግሞ በጉንጭ ውኃ ይዋጣል። አምሎዲፒንና ኒፌዲፒን አይቆሙም። እንደ አቴኖሎልና ሜቶፕሮሎል ያሉት የልብ ምት የሚያረጋጉ መድኃኒቶች፣ እንዲሁም ክሎኒዲን፣ በድንገት ሲቆሙ ግፊትና ምት ተመልሰው ስለሚያሻቅቡ ፈጽሞ መዘለል የለባቸውም። ሽፈራው ወይም ነጭ ሽንኩርት ለግፊት ብሎ የሚወስድ ሰውም ለሰመመን ባለሙያው መንገር አለበት፤ ብዙዎች «መድኃኒት» ስለማይሉት አይናገሩትም።

የሚያከራክሩት ኤናላፕሪልና ዘመዶቹ ናቸው። ሰውነት ግፊትን የሚደግፍባቸው ሦስት ምሰሶዎች አሉት፤ ሲምፓቴቲክ ነርቭ፣ ከኩላሊት የሚነሳው የሬኒንና አንጂዮቴንሲን ሥርዓት፣ ቫሶፕሬሲን የተባለው ሆርሞን። ሰመመን አንደኛውን ያዳክማል። ኤናላፕሪል ሁለተኛውን ቀድሞ አዳክሞታል። የቀረው ሦስተኛው ብቻውን ሁልጊዜ አይበቃም፤ ግፊቱ ሲወድቅ ለተለመደው ማስተካከያ አልመልስ የሚልበት ጊዜ አለ። ስለዚህ ብዙዎች ከ24 ሰዓት በፊት ያስቆሙታል። በ2024 ፈረንሳይ ውስጥ 2,222 ሰዎች የተሳተፉበት ጥናት ይህን ፈተነ፤ የቀጠሉት ላይ በኦፕሬሽን ጊዜ ግፊት መውረድ በዛ፣ ከመቶ 54 ሆነ፣ ያቆሙት ላይ 41። ሞትና ከባድ ችግር ግን በሁለቱም ወገን እኩል ነበር። እኔ ከዚህ የምወስደው፣ ረስቶ የዋጠውን ሰው ከጠረጴዛው ማስነሳት አያስፈልግም፣ ሰመመን ሰጪው ግን ማወቅ አለበት የሚል ነው።

ቅንነት ሁልጊዜ እንደማይበቃ ያሳየ ሌላ ታሪክ አለ። ምትና ግፊትን የሚያረጋጋ መድኃኒት ልብን ይጠብቃልና በኦፕሬሽኑ ጠዋት ለሁሉም ብንጀምርስ ተባለ። ፖይዝ የተባለውና በ2008 የታተመው ጥናት 8,351 ሰዎች ላይ ሜቶፕሮሎልን በዚያው ቀን በብዛት ጀመረ። የልብ ጡንቻ ጉዳት ቀነሰ። ሞት ግን ከመቶ 2.3 ወደ 3.1 ከፍ አለ፣ ስትሮክም በእጥፍ ጨመረ። አንዱ ምክንያት ግፊት መውረድ ነበር። የቆየን መድኃኒት መቀጠልና አዲስ መድኃኒት በጠዋት መጀመር ለየቅል ናቸው።

ወደ ጠረጴዛው እንመለስ። ልምድ ያለው የሰመመን ባለሙያ ከእኛ ሰው ጋር የሚያደርገው አብዛኛው ነገር መዘግየት ነው። ቀድሞ ጥቂት ፈሳሽ ይሰጣል። ፌንታኒል ከሆነ የሚጠቀመው፣ ኃይሉ ጫፍ ላይ የሚደርሰው ከደቂቃዎች በኋላ ስለሆነ ቀደም አድርጎ ይሰጠዋል። ፕሮፖፎሉን በአንዴ አይገፋም፤ ትንሽ ሰጥቶ ይጠብቃል፣ የዓይን ሽፋኑን ይነካል፣ እንደገና ትንሽ ይሰጣል። የዕድሜ ባለጸጋ ሰው ደም ዝውውር ቀርፋፋ ነው፤ የመጀመሪያው መጠን ሳይሠራ ሁለተኛው ከተጨመረ ሁለቱ አብረው ይደርሳሉ። ከላሪንጎስኮፑ በፊት ሊዶኬይን ወይም ኤስሞሎል በደም ሥር ሊሰጥ ይችላል። ከመድኃኒቱ ሁሉ የማይተናነሰው ግን እጅ ነው፤ ላሪንጎስኮፑ ጉሮሮ ውስጥ ከ15 ሰከንድ በላይ ካልቆየ የግፊቱ መሻቀብ ያንሳል። በአገራችን ብዙ ዘመን ያገለገለው ኬታሚን ግፊትና ምት ስለሚጨምር ብቻውን ለዚህ ሰው አይመረጥም፤ በትንሹ ከፕሮፖፎል ጋር ሲደባለቅ ግን አንዱ የሌላውን ጉድለት ይሸፍናል።

ቱቦው ከገባ በኋላ የሚመጣው ጸጥታ አታላይ ነው። ሁሉም ሰው ሥራ አለው፤ አንዱ ይጠርጋል፣ አንዱ ይሸፍናል፣ ቀዶ ሐኪሙ እጁን ይታጠባል። በሽተኛውን የሚያሳምም ነገር የለም፤ ሰመመኑ ግን ምላጩን ለመቋቋም በሚበቃ መጠን እየገባ ነው። ግፊት በብዛት የሚወርደው እዚህ ላይ ነው። መፍትሔው የሚተነፍሰውን ጋዝ ቀነስ ማድረግና እንደ ኤፌድሪን ወይም ፌኒሌፍሪን ያለ ደም ሥር የሚያጠብቅ መድኃኒት በትንሽ በትንሹ መስጠት ነው፤ እነዚህ በሌሉበት ሆስፒታል እጅግ የቀጠነ አድሬናሊን ቦታቸውን ይይዛል። በኋላ ምላጩ ሲያርፍ፣ ወይም ሆድ በካሜራ ለማየት በካርቦን ዳይኦክሳይድ ሲነፋ፣ ግፊቱ ይወጣል። ያን ጊዜ የግፊት መድኃኒት ከመምዘዝ በፊት ሰመመኑ ስስ አይደለም ወይ፣ ሕመሙ ተሸፍኗል ወይ ብሎ መጠየቅ ይቀድማል።

ስለ አቀማመጥ አንድ ነገር ልጨምር፣ ብዙ ሰው የማይጠረጥረው ስለሆነ። ለትከሻ ቀዶ ሕክምና በሽተኛው ከወገቡ ቀና ብሎ ይቀመጣል። መለኪያው ክንዱ ላይ ነው፤ አንጎሉ ከክንዱ 20 ሴንቲ ሜትር በላይ ነው። ደም ወደ ላይ ሲወጣ በየሴንቲ ሜትሩ ሦስት አራተኛ ሚሊ ሜትር ሜርኩሪ ያህል ያጣል። ስለዚህ ክንድ ላይ አማካዩ 75 ሲል አንጎል ጋ የሚደርሰው 60 ነው። በዚህ አቀማመጥ ተኝተው በስትሮክ የነቁ ሰዎች በጽሑፍ ተመዝግበዋል።

እያንዳንዱን ሰው በራሱ ቁጥር መያዝ በእርግጥ ይጠቅማል? ፈረንሳይ ውስጥ ተካሂዶ በ2017 የታተመው ኢንፕረስ የተባለ ጥናት ከባድ ቀዶ ሕክምና የሚደረግላቸውን 298 ሰዎች ለሁለት ከፈለ፤ የአንዱ ወገን የላይኛው ግፊት ከራሱ የዕረፍት ቁጥር ከመቶ 10 እንዳይርቅ ተደረገ፣ ሌላው በተለመደው መንገድ ተያዘ። በመጀመሪያው ወገን የአካል ክፍል ጉዳት የገጠማቸው ከመቶ 38 ሲሆኑ በሁለተኛው 52 ነበሩ። እኔን የሚያስደስተኝ ውጤት ነው። ነገር ግን ፖይዝ-3 የተባለው ሰፊ ጥናት 7,490 ሰዎች ላይ አማካዩን ከ80 በላይ መያዝን ከ60 በላይ ከመያዝ ጋር አወዳድሮ የልብና የደም ሥር ችግር ላይ ልዩነት አላገኘም። ይህ ሐሳቤን አያፈርሰውም፤ 80ም ቢሆን ለሁሉም የተሰጠ አንድ ቁጥር ነው። ጉዳዩ ግን ተዘግቷል የሚል ሰው ቸኩሏል።

ከዚህ ሁሉ የምትለይ አንዲት በሽተኛ አለች። ግፊቷ በእርግዝና ምክንያት በሳምንታት ውስጥ ያሻቀበ ነፍሰ ጡር ናት። የእሷ ደም ሥሮች ዓመታት ቆይተው ከከፍታው ጋር አልተላመዱም፤ ከላይ ያልኩት «ከፍታው ብዙውን ጊዜ ያልፋል» የሚለው ቃል ለእሷ አይሠራም። ቱቦ ሲገባ የሚመጣው መሻቀብ አንጎሏ ውስጥ ደም ሊያፈስ ይችላል፣ ከእንዲህ ያለ ጊዜ የሚመጣ ሞትም ይታወቃል። ስለዚህ ደም የሚያረጋው ሴል ካልወረደና ንቃቷ ደህና ከሆነ በወገቧ የሚሰጠው መርፌ ይመረጣል። ኤክላምፕሲያ የሚባለው የሚጥል በሽታ ይዟት ራሷን ስታ ከመጣችና ሙሉ ሰመመን ግድ ከሆነ ደግሞ የላይኛው ቁጥር በሃይድራላዚን ወይም በላቤታሎል ከ160 በታች ሳይገባ ላሪንጎስኮፑ አይነሳም። የሚጥለውን በሽታ የሚከላከለው ማግኒዚየም ሰልፌትም መሻቀቡን ያለዝባል፤ ግን ጡንቻ የሚያላላውን መድኃኒት ስለሚያራዝም ያንን አስቦ መቀነስ ይገባል።

የእኛ ሰው ኦፕሬሽኑ ሲያልቅ ሌላ ከፍታ ይጠብቀዋል። ሰመመኑ ሲነሳ ሕመሙ ይሰማዋል፣ ቱቦው ያስለዋል፣ ብርዱ ያንቀጠቅጠዋል። ማንቂያ ክፍል ውስጥ ግፊቱ 200 ሆኖ ነርሷ ሐኪም ስትጠራ፣ አንዳንዴ መልሱ መድኃኒት አይደለም፤ ሁለት ሊትር ፈሳሽ ወስዶ ሽንቱን መሽናት ያልቻለ ሰው ነው። ፊኛው ሲፈስለት ግፊቱ ይወርዳል። ሕመሙን፣ ኦክስጅኑን፣ ብርዱንና ፊኛውን ሳያዩ በቀጥታ የግፊት መርፌ መስጠት፣ ምክንያቱ ሲጠፋ ሰውየውን ወደዚያው ገደል ይጥለዋል። የግፊት ኪኒን የሚወስድ ሰው ከኤናላፕሪል በስተቀር ሌሎቹን በማግስቱ መብላት ሲጀምር ይቀጥላል። ኤናላፕሪሉን አቁሞ ከሆነ ግን ደም መፍሰሱ ቆሞ፣ በደንብ ጠጥቶ፣ ኩላሊቱ እየሠራ መሆኑ ከታየ በኋላ፣ አብዛኛውን ጊዜ በሁለት ቀን ውስጥ፣ ይመለስለታል፤ ሳይመለስለት ወደ ቤት የሄደ ሰው ብዙ ጊዜ ለወራት ሳይወስደው ይቆያል።